ጣቢያው አፍ የፈታበት ቀን

አልጋ ወራሹ ባለፈው ወር ቢሮው ጠርቶኝ፣ «የሬዲዮ ጣቢያውን ታሪክ በአንድ ገጽ ጻፍልን፤ በመስታወት አድርገን የአዲሱ ሕንጻችን መግቢያ ላይ እንሰቅለዋለን» አለኝ። አልጋ ወራሽ የምንለው የንጉሥ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ አባቱ አልጋ ሻጭ ስለነበሩ ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ባለ አልጋው ጣቢያውን የከፈቱት ለከተማው አስበው እንዳይመስላችሁ። ለጋዜጣ ማስታወቂያ መክፈል አንገሽግሿቸው ነው። ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ነበራቸው። ምድር ቤቱ አልጋ ይሸጥበታል፣ መሃሉ አልጋ ይሠራበታል፣ አናቱ ላይ ዘፈን ይለቀቃል። በየዘፈኑ መሃል ስለ አልጋ ይወራል።

እኔ ቴክኒሽያኑ ነበርኩ። ፊውዝ ይሉኛል። ፊውዝ ስለምቀይር ይሁን ቶሎ ስለምቃጠል እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ዘፈኖቹን የሚያስተዋውቀው ማር አፍ ነበር። ድምፁ ሲለሰልስ ጆሮ ላይ የሚቀልጥ ይመስላል። «አሁን ደግሞ…» ብሎ ትንሽ ይቆይና የዘፋኙን ስም ይጠራል። ሥራው ይኸው ነበር። ከተማው በዚያች «አሁን ደግሞ» ይሞትለታል።

ከስቱዲዮው በር ውጪ፣ መተላለፊያው ላይ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ስልክ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ስልክ ተቀባይዋ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ያመለከተችው ለአንባቢነት ነበር። ባለ አልጋው ራሳቸው ወረቀት ሰጥተው አስነበቧት። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ከደረቷ ሥር ተነስቶ ሲወጣ የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል። ሰምተው ሲያበቁ፣ «የኔ ልጅ፣ ንባብሽ እንከን የለውም። ድምፅሽ ግን ሰው ይቀሰቅሳል። እኛ ደግሞ የምንሸጠው አልጋ ነው» አሏት። ስልኩ ጋ አስቀመጧት። እኛም «ከበሮ» የሚል ስም አወጣንላት። አልተቀየመችም፤ ተቀይማም ከሆነ አላሳየችንም። ለስድስት ዓመት ያህል «አዎ፣ የሬዲዮ ጣቢያው ነው፤ አይ፣ አልጋው ታች ነው» እያለች ኖረች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጣራው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ፈነዳ።

ኮርኒሱ መጀመሪያ አበጠ፤ ከዚያ ዱብ አለ። ውሃው ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል ማጫወቻዎቹና የዘፈን ሸክላው መደርደሪያ ላይ ወረደ። ሮጬ የዚያን ጎን መብራት ቆረጥኩ። ማይክሮፎኑ ያለበት ጠረጴዛ በሌላኛው ጥግ ስለነበር ተረፈ። ማር አፍ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ማይክሮፎኑን በእጁ ሸፍኖ፣ «ፊውዝ፣ ዘፈኑ መቼ ይመለሳል?» አለኝ።

«አዲስ ዕቃ ከመጣ፣ በአሥር ቀን።»

«በአሥር ምን?»

ባለ አልጋው እንጨት ሊገዙ ከከተማ ወጥተዋል። ዝም ካልን ሰው ወደ ሌላ ጣቢያ ይዞራል። ማር አፍ መናገር ጀመረ። ይቅርታ ጠየቀ። ስለ አየሩ ጠባይ ተናገረ። ጋዜጣ አነበበ፤ ግማሹ ርሶ ስለነበር ዜናዎቹ መሃል ላይ ይቋረጣሉ። ከዚያ የሚነበብ ቢያጣ ግድግዳው ላይ ያለውን የእሳት ማጥፊያ መመሪያ አነበበ። «ቀለበቱን ይሳቡ… ወደ እሳቱ ሥር ያነጣጥሩ…» ሲል የፍቅር ደብዳቤ ነበር የሚመስለው። በመጨረሻ «አሁን ደግሞ…» አለና ቀረ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር የተናገረው። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ውሃው እንዲወጣ ብለን በሩን ከፍተነው ስለነበር የከበሮ ድምፅ ቀጥ ብሎ ገባ።

«አዎ፣ ጣቢያው ነው። ዘፈኑ ውሃ ገብቶበት ነው፣ እትዬ። አይ፣ ቀልዴን አይደለም። ቢፈልጉ መጥተው ይጭመቁት!»

ዓይኔ የድምፅ መለኪያው ላይ ነበር። ከበሮ በተናገረች ቁጥር መርፌው ዘሎ ይነሳል። ከአሥር እርምጃ ርቀት! በሕይወቴ ብዙ ነገር አስቤ አበላሽቻለሁ፤ ያን ቀን ሳላስብ ያደረግኩት ግን ተቃናልኝ። አንድ ገመድ መዝዤ ስልኩን ከድምፅ መቀላቀያው ጋር አገናኘሁ። ስልኩን ከነገመዱ ጎትቼ አስገባሁ፤ ከበሮም ስልኩን ላለመልቀቅ ተከትላው ገባች። ማር አፍ ወንበሩን ሲለቅላት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

«አየር ላይ ነሽ» አልኳት በሹክሹክታ።

አየችኝ። ማይክሮፎኑን አየችው። ስልኩ ውስጥ ያሉት ሴትዮ አላቋረጡም፤ «እኔ ልብስ እየተኮስኩ ነው! ያለ ዘፈን እጄ አይታዘዝም!» ይላሉ።

«እንግዲያው ያውሩኛ» አለች ከበሮ።

«ምን ላውራ?»

«የማንን ልብስ ነው የሚተኩሱት?»

ኧረ ባልጠየቀች! ሴትዮዋ አምስት ወንዶች ልጆች አሏቸው። አምስቱም ካልሲ ማጠፍ አያውቁም። ትልቁ ሥራ ፍለጋ የሚሄደው በትንሹ ሸሚዝ ነው፤ ትንሹ በአባቱ ነው፤ አባትየው በምን እንደሚሄድ አይታወቅም። ከበሮ ከት ብላ ስትስቅ መርፌው ጥግ ገጭቶ ቆመ። እንዲህ ያለ ሳቅ በሬዲዮ ሰምቼ አላውቅም፤ ማር አፍ ሳይቀር በእጁ አፉን ይዞ ይንፈቀፈቃል።

ሴትዮዋ ሳይጨርሱ መስመሩ ተቋረጠ። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ከመጨረሻው ፌርማታ ቢሮ ነው የደወለው። «እህቴ፣ ሴትዮዋን መልሺልን! ተሳፋሪው የአባትየውን ነገር ሳንሰማ አንወርድም ብሎኛል!»

ከዚያ በኋላ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ነገርን ነገር ያነሳዋል። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ስልክ ይመስለኛል፣ ከበሮ አነሳችው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«እኔ ነኛ!»

ከበሮ ቀላች። ባሏ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከኛ ሦስት መንገድ ቢርቅ ነው። ቃል የሚወጣው በመከራ ነው ይባልለታል።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው።

«መቀሱን የት አደረግሽው?»

«አንተ ሰውዬ፣ አገር እየሰማህ ነው!»

«ለሱ ነው የደወልኩት። ያየ ካለ ይንገረኝ። ሙሽራዋ ስድስት ሰዓት ላይ ቀሚሷን ልትለካ ትመጣለች።»

ከተማው መቀስ ፍለጋ ወጣ። አንዱ «ጨርቁ ሥር አየህ?» ይላል። ሌላዋ «የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የኔ ባልም ሁሌ እዚያ ነው የሚረሳው» ትላለች። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ አስተውል፤ በእጅህ ይዘኸው እንዳይሆን» አሉ። በመሃል አንዲት ልጅ ሳግ እየተናነቃት ደወለች፦ «ሙሽራዋ እኔ ነኝ! ቀሚሴ ምን ሆነ?» ማር አፍ ተሽቀዳድሞ ማይክሮፎኑን ያዘና፣ «እመቤት፣ ቀሚስሽ ደኅና ነው፤ የጠፋው መቀስ ብቻ ነው» አላት። በዚያ ድምፅ ሲነግራት ወዲያው ጸጥ አለች።

ቀጥሎ የደወለው ድምፀ ጎርናና ሰው ነበር። «እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከባልሽ ፊት ለፊት ነው» አለ። ከበሮ ፊቷ ተለወጠ፤ ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ሁለቱ በአንድ ደንበኛ ተጣልተው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ንገሪው፤ የኔን መቀስ መጥቶ ይውሰድ» አለ።

«ራስህ ንገረው። ሬዲዮው ተከፍቷል፣ እሱም እየሰማህ ነው።»

እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። ማር አፍ ሊናገር ሲል ከበሮ እጁን ይዛ አስቆመችው። ከዚያ ሰውዬው፣ «…ና ውሰድ እንግዲህ» አለ። በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የሌላ ሰው ድምፅ ሰማን፦ «ፊት ለፊቴ ቆመህ በሬዲዮ ትጠራኛለህ? በል ዘወር በል፣ ላልፍ!» የከበሮ ባል መንገዱን ተሻግሮ ደርሷል። ተቃቅፈው ይሁን ተደባድበው አላየንም፤ የሰማነው ወንበር ሲወድቅና ሁለት ወንዶች ሲስቁ ብቻ ነው። ከበሮ በመሃረብ ዓይኗን ጠረገችና «አሁን ደግሞ…» አለች። ማር አፍ አልተቀየማትም።

መቀሱም ተገኘ። አንድ አስተማሪ ከትምህርት ቤቱ ደውሎ፣ «ትናንት የወሰድኩትን ሱሪ ስዘረጋው ከውስጡ ዱብ አለ፤ ለጥቂት ነው እግሬን የሳተኝ» አለ።

ባለ አልጋው ይህን ሁሉ መኪናቸው ውስጥ ሰምተዋል። ጣቢያቸውን ሌባ የወረሰው መስሏቸው እንጨቱን ሳይገዙ ተመለሱ። አራቱን ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ እያለከለኩ፣ ከስቱዲዮው መስታወት ኋላ ቆሙ። እኔ ከሥራ እንደምባረር ስለገባኝ መፍቻዎቼን መሰብሰብ ጀመርኩ። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የሱቁ ሻጭ ከታች እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ሱቁ በሰው ተሞላ! የምትስቀዋን ሴትዮ እናያለን ብለው መጥተው አልጋው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ!»

«ይገዛሉ?»

«ሁለቱ የተቀመጡበት ተመችቷቸው ገዝተዋል።»

ባለ አልጋው አፋቸውን ዘጉ። ቆየት ብለው «እስከ ምሳ ትቀጥል» አሉ። ከምሳ በኋላ «እንግዲህ እስከ ማታ» አሉ። ማታ ምንም አላሉም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አዲሱ ማጫወቻ መጣ። ማር አፍ ከረቫት አስሮ ገባ፤ «አሁን ደግሞ…» ብሎ ዘፈን ለቀቀ። ዘፈኑ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ስልኩ ጮኸ። ባለ አልጋው ራሳቸው አነሱት። «ዘፈኑን ዝጉልን እንጂ፣ እየተነጋገርን እኮ ነው!» የሚል ድምፅ እኔ ከቆምኩበት ይሰማል። ስልኩን ዘጉ፤ እንደገና ጮኸ። እስከ ምሳ ድረስ ስልኩን ሲያነሱ ሲያስቀምጡ ዋሉ። ጆሯቸው ቀልቶ ወደ ከበሮ ሄዱ።

«ድምፅሽ ሰው ይቀሰቅሳል ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«ልክ ነበርኩ። ከተማው ተኝቶ እንደነበር ነው ያላወቅኩት። ከነገ ጀምሮ ወንበሩ ያንቺ ነው።»

ማር አፍ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ከበሮ አጠገቡ ሄዳ፣ «ተነስ እንጂ፤ እኔ ሰው አጣልቼ ማን ሊያስታርቅልኝ ነው?» አለችው። እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እሷ ታነሳሳለች፣ እሱ ያበርዳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ቢባልም፣ እኛ ጋ ከአፋፉ የሚመልስ ሰው ነበር።

አንዱ የስልክ መስመር ሦስት ሆነ፤ ከዚያ ስድስት። በሬዲዮ ሥራ ያገኘ አለ፣ በሬዲዮ የተጫጨ አለ። ድንች ከተቀቀለ በኋላ ይላጥ ወይስ በፊት የሚለው ክርክር ስምንት ወር ፈጀ፤ መልሱን ዛሬም አላውቀውም። ባለ ካልሲዋ ሴትዮና የአውቶቡሱ ሾፌር ሳይተያዩ ለዓመታት በየሳምንቱ ተከራከሩ፤ እሱ ዝናብ ይወዳል፣ እሳቸው አይወዱም፤ እሱ ልጅ በቁጣ ያድጋል ይላል፣ እሳቸው «አምስት አሳድገህ ና» ይሉታል።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ አዲሱ ሕንጻ ስንገባ አልጋ ወራሹ በሩን ለአድማጭ ከፈተ። ሁለት መቶ ሰው ይመጣል ብሎ ሁለት መቶ ወንበር ተከራየ። ገና በሦስት ሰዓት ሰልፉ መታጠፊያውን አልፏል። ሰዉ መልክ ለመልክ አይተዋወቅም። ቆሞ ሲያወራ ግን ከኋላ አንዱ ዘወር ይልና፣ «ቆይ፣ ቆይ! አንተ ያ ስለ ጥርስህ እየደወልክ የምታማርረው አይደለህም?» ይላል። «አንቺ የድንቿ!» ይላል ሌላው። በደረጃው፣ በአሳንሰሩ፣ በመጸዳጃ ቤቱ ሰልፍ ሳይቀር ሰው በድምፅ ይፈላለጋል።

ባለ ካልሲዋ ሴትዮ አምስቱን ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ከፊታቸው አንድ አጭር፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ «ዛሬስ ዝናብ ቢጥል ጥሩ ነበር» አለ። ሴትዮዋ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አንተ ነህ?»

ሰውዬው ዞረ። «እትዬ!»

«እኔ እኮ ዘንካታ ነበር የምትመስለኝ! ያን ሁሉ ጊዜ ሽቅብ ስመልስልህ ነው የኖርኩት!»

«መሪው ጋ ስቀመጥ እረዝማለሁ፣ እትዬ።»

እዚያው ተያያዙት። ሰው ከበባቸው። ከበሮ ከስቱዲዮ ወጥታ ሰማችና፣ «ፊውዝ፣ ገመድ!» ብላ ጮኸች። ያለኝን ገመድ ሁሉ ቀጣጥዬ ማይክሮፎኑን መተላለፊያው ድረስ አመጣሁላት። የዕለቱ ፕሮግራም ከዚያው፣ ከሰው መሃል፣ በቁም ተላለፈ። ባሏ ጃኬቷን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ይሰማል። ማር አፍ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ለሽማግሌዎች ወንበር ያድላል። ባለ አልጋው በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጥተው፣ ሰው ሁሉ እየጨበጣቸው፣ «አልጋችሁ ደኅና ነው? አይንቋቋም?» ይላሉ።

ሊያልቅ ሲል ከበሮ ማይክሮፎኑን ድንገት ወደ አፌ አስጠጋች። «ይህን ጣቢያ አፍ ያስፈታው ይኸ ሰው ነው። እስከ ዛሬ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። በል ፊውዝ፣ ከተማውን አናግረው» አለችኝ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበል? ዝቅ ብዬ ሳይ አንድ ትልቅ ጫማ የገመዱ መጋጠሚያ ላይ ቆሟል።

«ገመዱን አትርገጡ» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከበሮ ሆዷን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ሬዲዮውን ከፍታ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አንተ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አስበህ የተናገርከው ይህን ነው?» አለችኝ። ለጎረቤት ሁሉ ደውላ ነግራ ነበር። እስክንተኛ ድረስ፣ ሳቃችን በረድ ሲል፣ አንዳችን እንጀምርና እንደገና እንስቃለን።