በኩታ ሥር የተደበቀው ምሳ

ወልደአረጋይ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ከአንኮበር በታች ወደሚኖር አንድ ጣሊያን ቤት ሲደርስ፣ ጫጫ ከተማ ተጠርቶበት የነበረው ሠርግ ዛሬም እንደ እሾህ ውስጡ ተሰክቶ ነበር። ዳዊት የደገመውን፣ ደብዳቤ የሚጽፈውን ሰው፣ ፊደል ከማያውቁ ባላገሮች በታች፣ በሩ ሥር፣ ውሾቹ አጠገብ አስቀምጠውታል። አራት ዓመት ሆነው፤ አንድ ቀን አልረሳውም። ጣሊያኑ የአማርኛ ጸሐፊ እንደሚፈልግ ሲሰማ፣ "ከፈረንጅ ጋር በአንድ ገበታ ስቀርብ ያዩኛል!" ብሎ ነው የወጣው።

በሩን የሚጠብቀው ሽማግሌ ግን አጎቱ ገብረአማኑኤል ሆኖ ተገኘ። ጦሩን አጥሩ ላይ አስደግፎ እጁን ዘረጋ።

"ወልዴ! አንተ ነህ?"

ወልደአረጋይ የዘበኛ ዘመድ መባልን ፈራ። ከበቅሎው ሳይወርድ፣ "ጌታህ አሉ?" አለው፣ አይቶት እንደማያውቅ ሁሉ።

ሽማግሌው የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። "አንኮበር ወጥተዋል። ለምሳ ይመለሳሉ፣ ጌታዬ።"

ያቺ "ጌታዬ" ጆሮው ውስጥ ቀረች።

እኩለ ቀን ላይ ጣሊያኑ መጣ። እጁን ይዞ አስገባውና ከራሱ ትይዩ ወንበር ላይ አስቀመጠው። "መጀመሪያ ብላ። ወረቀት በኋላ" አለ፣ በተሰባበረ አማርኛ። በሰለች የምትባለው ወጥ ቤት እንደ ፈትል የረዘመ የተቀቀለ ሊጥ፣ የተከተፈ ሥጋ የፈሰሰበት፣ አምጥታ አኖረች። ሽታው ምራቅ ያስውጣል። ወልደአረጋይ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

ግን ሥጋውን ማን ባረከው? የፈረንጅ ቤት ነው። ከአሊዩ አምባ የመጣ ሙስሊም አርዶት ቢሆንስ? በላ ቢባል የነፍስ አባቱ ምን ይሉታል? አልበላም ካለ ደግሞ ጸሐፊነቱ ቀረ።

ስለዚህ መኳንንት ከዓይን ተከልለው እንደሚበሉት፣ ኩታውን ፊቱ ላይ ጋርዶ፣ ባዶ አፉን እያላመጠ፣ እፍኝ እፍኙን ከመቀነቱ በላይ ጉያው ውስጥ ከተተው።

"ጥሩ?" ይላል ጣሊያኑ፣ ሹካውን እንደያዘ።

"እጅግ ጥሩ!" ይላል እሱ ከኩታው ሥር።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን ጣሊያኑ ደስ ብሎት ወረቀትና ቀለም አስመጣ። ወልደአረጋይ ተነሥቶ እጅ ነሣ። መቀነቱ ላላ። ያ ሁሉ ፈትል ሥጋውን እንደተሸከመ ዝርግፍ ብሎ እግሩ ሥር ወደቀ።

"ውይ!" አለች በሰለች። "አልበላኸውም እንዴ? አያ ገብረአማኑኤል እኮ 'የወንድሜ ልጅ መጣልኝ' ብለው የራሳቸውን ሙክት ነው የሰጡት! በስመ አብ ብለው የባረኩትም እርሳቸው! ማን የነካው መስሎህ ነው?"

ወልደአረጋይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ጣሊያኑ ፊቱ ቀላ። "ምግቤ መጥፎ?"

ጫጫታውን ሰምቶ ሽማግሌው ከደጅ ገባ። የወደቀውን አየ፤ የወንድሙን ልጅ አየ፤ ገባው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጌታዬ" አለ ለጣሊያኑ። "ይህ ልጅ የስለት ጾም አለበት። ሳልነግርዎ ቀረሁ። እርስዎን እንዳያስቀይም ብሎ ነው የደበቀው።"

የጣሊያኑ ፊት በራ። "እግዚአብሔር የሚፈራ ጸሐፊ! ጥሩ!" ብሎ ቀለሙን ወደ ወልደአረጋይ ገፋ አደረገለት።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የሙክቱን ሥጋ ከመሬት ይለቅም ጀመር። ወልደአረጋይ ብዕሩን አነሣ። ከዚያ አስቀመጠውና ተንበርክኮ አብሮ ለቀመ።

"አጎቴ" አለ።

"ተነሥና ጻፍ፣ ጌታዬ" አለው ገብረአማኑኤል፣ ቀና ብሎ ሳያየው።