የእንጦጦን ቁልቁለት በፍሪ

ከእንጦጦ ማርያም ስንነሳ የልጄ መኪና ባትሪ ሁለት በመቶ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ሆኗል። የሐጅ ተጓዦቹን የሚወስደው አውቶቡስ ደግሞ ፒያሳ፣ ከመስጊዱ በር ላይ፣ ልክ በሦስት ሰዓት ይነሳል፤ ከተጓዦቹ አንዱ እንድሪስ ነው። ካመለጠኝ፣ በሰው ፊት ያዋረድኩትን ጓደኛዬን ምናልባት ዳግመኛ በዓይኔ ላላየው ነው። ልቡን ያመዋል፤ ሐኪሙ ጉዞው ይቅርብህ ብሎት እምቢ ብሏል። ይህን የነገረችኝ ልጄ ጸሎት ናት፤ ያውም ቅዳሴው አልቆ፣ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ።

«አባዬ፣ ትናንት ማታ በር ሲያንኳኩ የነበሩት እኮ ጋሼ እንድሪስ ናቸው። አፉ በለኝ ሊሉህ ነው የመጡት። ሐጅ የሚሄድ ሰው የተቀየመውን ሁሉ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይሄድም።»

ማን መሆኑን መቼ አጣሁት! ገና አንኳኩቶ ሳይጨርስ ነው ያወቅሁት። መብራት አጥፍቼ እንደ ሌባ ቁጭ አልኩ። ጠዋት ተመልሶ እንዳይመጣብኝም ብዬ፣ ጎረቤቴን አራዳ ጊዮርጊስን ትቼ፣ ልጄን በሌሊት ቀስቅሼ እንጦጦ ወጣሁ። «ቻርጅ አላደረግሁም» ስትለኝ «ተነሺ ብያለሁ» አልኳት። የልቡን ነገር ግን አላውቅም ነበር። በስመአብ፣ የልቡን ነገር አላውቅም ነበር።

ጠባችን በመኪና ነው። ሳቁ ከፈለጋችሁ። ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና አለችኝ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነድቻታለሁ። እንድሪስ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጋራዥ አለው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሯ ላይ ይተክልና እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣታል፤ የቱ ቫልቭ እንደላላ በድምፅ ብቻ ይነግረኛል። እንዲህ ስንኖር ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ፤ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተጥለቀለቀ። እንድሪስ በስልሳ ስድስት ዓመቱ ደብተር ገዝቶ ኮርስ ገባ። ኮርሱን እንደጨረሰ፣ አንድ እሑድ ጠዋት የደንበኛ ነጭ መኪና ይዞ መጣና «ና እስቲ እንፈትናት» አለኝ።

አዲሱ ሰፊ አስፋልት ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ቀይዋን ሳስነሳት ማርሚታዋ ፒያሳን አናወጠው፤ ኬክ ቤት የተቀመጠው ሰው ማኪያቶውን ይዞ ወጣ። የእሱ መኪና መነሳት አለመነሳቷ እንኳ አይታወቅም። ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ እኔ ፍሪሲዮን ረግጬ ሁለተኛ ማርሽ እስካስገባ እሱ የትራፊክ መብራቱ ጋ ደርሶ እየጠበቀኝ ነው። ሰው ሳቀ። እንድሪስም ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ከሃዲ!» አልኩት። «እንጀራ ያበላህን ሙያ የካድክ ከሃዲ!»

በቀን አምስቴ ለሚሰግድ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሆነ እያወቅሁ ነው ያልኩት። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «አንተ ስትወድ የኖርከው ጩኸቷን እንጂ መኪናዋን አይደለም» አለኝና ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይኸው አሥራ አንድ ወር ሳንነጋገር ቀረን።

እና አሁን፣ ሁለት በመቶ።

«ውረጂ፣ እኔ ልንዳ» አልኳት ጸሎትን።

«አባዬ፣ አትችለውም።»

«ቁጠባን ለእኔ ነው የምታስተምሪው? በሰባት ሊትር ቤንዚን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የገባሁ ሰው ነኝ!»

እውነቴን ነው። ሚስጥሩ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ማርሹን ፍሪ ታደርገዋለህ፣ መኪናው በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ሞተሩ አይበላም። የአገራችን ሹፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። መሪውን ያዝኩና ማርሹን ፍሪ ላይ አደረግሁት።

«ዲ ላይ ይሁን እንጂ» አለች ጸሎት።

«ለምን?»

«እኔ እንጃ፤ እንደዚያ ነው የሚነዳው።» መኪናዋን ከገዛች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው።

«እኔ እንጃ ካልሽ ዝም በይ።»

ወረድን። ቀይዋ ቤንዚን ሲያልቅባት ታስላለች፣ ትንገጫገጫለች፣ ቀድማ ትነግርሃለች። ዛሬ ከነዳጅ ሰልፍ ሳትደርስ ደርቃ ግቢ ባትቀር ኖሮ እሷን ነበር የምይዘው። ይቺ ግን ቁጥር ብቻ ነው የምታሳየው። ጆሮዬን ጥዬ ባዳምጥ የጎማው ሽውታና የራሴ ትንፋሽ ነው ያለው። መንገዱን ትቼ ቁጥሩን አያለሁ፣ ቁጥሩን ትቼ ሰዓቱን አያለሁ። ሁለት ሰዓት ከአርባ።

ሽሮ ሜዳ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። ድምፅ ስለሌለን ማንም ዞር ብሎ አያየንም። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ፊቴ ገቡ፤ ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። «ምነው ልጄ፣ ድምፅህን እንኳ አታሰማም?» አሉኝ።

«አባዬ፣ ቀስ በል፤ ትገድለናለህ።»

«ሰዓቱን ተመልከቺ!»

ስድስት ኪሎን ስናልፍ ቁጥሩ አንድ ሆነ። አፍንጮ በር ስንደርስ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በፍሪ ተንደረደርኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር ማርሽ አስገብቼ እስከ ወለሉ ረገጥኩት። በዚያች እሑድ ቀይዋን አፈር ያስበላችው ዓይነት መኪና አሥር ሜትር ያህል ተሳበችና ቀጥ አለች። አንዴ እንኳ አላሳለችም። ከኋላዬ ሚኒባሶቹ በጥሩምባ ያጣድፉኝ ጀመር።

«ደውይለት» አልኳት።

ጸሎት ደውላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ከወዲያ የአውቶቡስ ሞተርና የሸኚ ጫጫታ ይሰማል።

«እምሩ ነኝ።»

«አውቄያለሁ።»

አፉ በለኝ ልለው ነው የደወልኩት። ሁለት ቃል ነው፤ ሕፃን ይለዋል። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«መኪናው ቆመብኝ» አልኩት።

«የትኛው?»

«የጸሎት። የኤሌክትሪኩ።»

«የት ነህ?»

«ራስ መኮንን ድልድይ፣ ዳገቱ ሥር።»

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከእንጦጦ።»

«በፍሪ ነው የወረድከው?»

«ታዲያስ! ባትሪ ልቆጥብ ብዬ ነዋ።»

«አይ እምሩ! ማርሽ ላይ ብትተዋት እኮ ቁልቁለቱ ራሱ ይሞላት ነበር። ስትወርድ ጎማው ለባትሪው ይመልስለታል። እስከ ቤትህ ታደርስህ ነበር።»

ስልኩ ተቋረጠ።

ያንን ሁሉ ቁልቁለት በገዛ እጄ ደፋሁት ማለት ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ በናቅሁት ሙያው ጥፋቴን በአንድ ጥያቄ ደረሰበት፤ እኔም የደወልኩበትን ሳልናገር ቀረሁ። በሩን ከፈትኩና ጸሎትን ከነመኪናዋ ጥያት፣ አስፋልቱን ትቼ በደረጃው አቋራጭ ሽቅብ ሮጥኩ። ሩጫ ከተባለ ማለት ነው፤ ግራ ጉልበቴ ከተበላሸ ቆይቷል። በየደረጃው «እንዳትሄድ፣ እንዳትሄድ» እያልኩ ወጣሁ።

መስጊዱ በር ስደርስ አውቶቡሱ አለ! ሞተሩ እየሠራ፣ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። የእንድሪስ ልጅ የሲን ከበሩ ሥር ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይቁነጠነጣል። ሲያየኝ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ጋሽ እምሩ! አባባስ?»

«እሱን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«ወደ እርስዎ እኮ ነው በአስፋልቱ የወረዱት! ስልኩን ዘግተው ‹መጣሁ› ብለው ወጡ። ስልካቸውን ወንበራቸው ላይ ጥለውታል። ኃላፊው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የምጠብቀው ብሏል፤ አውሮፕላኑ እኮ አይጠብቅም!»

ዕድሜ ልኩን የጓጓለትን ሐጅ በአንድ ስልክ ላስቀርበት ነው። የእኔ ነገር መቼ በስድብ ብቻ ያበቃል! ደግሞ በዚያ ልቡ፣ በዚያ መንገድ፣ በእግሩ።

«አውቶቡሱን በአስፋልቱ አምጣው፤ ድልድዩ ጋ ነን!» አልኩና የወጣሁትን ደረጃ ቁልቁል ተመለስኩበት። ሁለቴ ወደቅሁ። መዳፌ ደማ። ከደረጃው መጨረሻ መኪናዋ ታየችኝ፤ ጸሎት አጠገቧ ተንበርክካለች። እንድሪስ ነጭ ልብሱን ለብሶ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። አንገቱን ደፍቷል፣ እጁ ደረቱ ላይ ነው።

ገደልኩት አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ቀና አለ። ፊቱ በላብ ርሷል። «ምን ያስጮህሃል?» አለኝ። «ትንፋሼ እስኪመለስ ነው።»

«አበድክ እንዴ! አውቶቡሱ ሊሄድ ነው! ለመኪና ብለህ ሐጅህን ታስቀራለህ?»

«ለመኪናው ማን መጣ?» አለ። እጁን ሰጠኝና ጎትቼ አስነሳሁት። «ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ይቅርታ ብለኸኝ ታውቃለህ? ክፉ ትናገረኛለህ፣ ሁለት ሦስት ቀን ትጠፋለህ፣ ከዚያ ‹እንድሪስ፣ መኪናዬ ቆመችብኝ› ብለህ ትመጣለህ። ከፍቼ ሳያት ምንም የላትም። ዛሬም ቆመብኝ ስትል ገባኝ።»

ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ልጄ ፊት፣ ጥሩምባ በሚያንጫርርብኝ ሕዝብ ፊት አለቀስኩ።

«አፉ በለኝ» አልኩት። «ከሃዲው እኔ ነኝ።»

«ብያለሁ። አንተስ ለእኔ?»

«ምን አድርገኸኝ?»

«ስቄብሃለኋ።»

«ብያለሁ፣ ብያለሁ።»

አውቶቡሱ ከላይ ብቅ አለ፤ የሲን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እጁን ያርገበግባል። እንድሪስን በብብቱ ሥር ደግፌ ወሰድኩት፤ ልቡ ከነፍጥነቱ መዳፌ ላይ ይሰማኛል። መድኃኒቱን ይዞ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ኪሱን መታ መታ አደረገልኝ። የሲን ከላይ ስቦ አስገባው።

«ተመልሰህ ና» አልኩት።

«ኢንሻአላህ።»

«እሱን ተወውና፣ እመጣለሁ በለኝ!»

በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ በኩል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳለኝ ግን አልሰማሁም።