ስልሳ ላይ የተገተረው ስክሪን

በሰከንድ መቶ አርባ አራት ጊዜ ምስሉን ማደስ የሚችል ስክሪን ለምን ስልሳ ላይ ተገትሮ ይቀራል? ክሪስቤል ከጧት ጀምሮ የምታስበው ይህንኑ ነው። 144ን ስትመርጥ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ድርግም ይላል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ ስልሳው ይመለሳል።

«ያን ሁሉ ዓመት በረዶ አገር ተምረሽ ገመድ ያሸንፍሽ?» አለ አጎቷ ቲዮ ኤርሜል ማራገቢያውን ወደ ራሱ እያዞረ።

«ገመዱ አዲስ ነው፣ ቲዮ። ሁለቱንም አይነት ሞክሬያለሁ።»

«እንግዲያው አንቺ ነሻ ያረጀሽው!»

ሊጫወቱ የመጡት የሰፈሩ ልጆች ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ግን ከነከናት። ከስዊድን ወደ አገሯ፣ ወደ ኢሎይሎ ከተማ፣ ከተመለሰች ወዲህ ትቆይ ትሂድ እንኳ መወሰን አቅቷታል፤ አሁን ደግሞ በአጎቷ የጌም ቤት ውስጥ አንድ ስክሪን ይፈትናታል።

የሰፈሩ በዓል ፍጻሜ ጨዋታ የሚደረገው በቲዮ ኤርሜል ቤት በሚጫወቱት ልጆችና በገበያ ማዕከሉ ቡድን መካከል ነው። የበዓሉ ኮሚቴ አባል ማናንግ ፔርላ ከምሳ በኋላ መጥታ ለጨዋታው የተመደቡትን ሁለት ስክሪኖች ታያለች። 144 ካላሳዩ ጨዋታው ወደ ገበያ ማዕከሉ ይሄዳል፤ ሰፈሩም በገዛ በዓሉ እንግዳ ይሆናል።

«የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጊው እስቲ» አለ የአጎቷ ልጅ ጁንዴል።

«ውድድሩ በሙሉ ጥራት ነው እኮ።»

«ለሙከራ ነዋ፣ ማናንግ!» አለ፣ እሷንም እንደ ታላቅ እህት እየጠራ።

ዝቅ አደረገችው። ስክሪኑ ሳይጨልም 120 ላይ ሄደ። ክሪስቤል ከወንበሯ ተነሣች።

«ጥራቱ ሲቀንስ ፍጥነቱ ጨመረ! ስክሪኑም ኮምፒውተሩም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ይጠብባል።»

«የቱ መንገድ?»

«ምስሉ የሚያልፍበት» አለች ክሪስቤል። ገመዱን ከስክሪኑ ጀርባ ይዛ በእጇ እየዳሰሰች ወረደች። ገመዱ ለመጫወት ሳንቲም የሚጨመርበት የእንጨት ሣጥን ጋ ሲደርስ ፊቱ ላይ ካለ መሰኪያ ገብቶ ቆመ። ኮምፒውተሩ የተቆለፈው እዚያ ውስጥ ነው።

«ቲዮ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

 ቲዮ ኤርሜል ደንበኛ ፊት ሣጥን ከፍቶ አያውቅም።

«ሌባ ታስተምሪብኛለሽ!»

«ልጆቹ ዞር ይበሉ። እናንተ፣ ወደ ግድግዳው!»

ልጆቹ እየተንጫጩ ዞሩ። ቲዮ እያጉረመረመ ከፈተ። ውስጥ፣ ከኮምፒውተሩ እስከ ሣጥኑ ፊት፣ አቧራ የጠጣች አጭር መቀጠያ ገመድ ተዘርግታለች።

«ይቺን መቼ ነው ያስገቧት?»

«ሱቁን የከፈትኩ ጊዜ። ልጆቹ ገመድ እየጎተቱ ኮምፒውተሩን ሲጎዱብኝ በየሣጥኑ አንዳንድ አደረግሁ። ምን አጠፋች?»

«ያኔ ምንም አላጠፋችም። የዛሬውን ምስል ግን መሸከም አትችልም። እኔ ከውጭ ገመድ እቀይራለሁ፤ እሷ ከውስጥ ታንቃለች!»

አዲሱን ገመድ በቀጥታ ለመሰካት የሣጥኑ ቀዳዳ ጠበበ። ቲዮ ሣጥኑን በገዛ እጁ የሠራው ነው፤ ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚያ መጋዙን አነሣ።

«ዞራችሁ ቆዩ፣ እናንተ!» ብሎ ጮኸ፤ ልጆቹ ግን አስቀድመው ወደ ሣጥኑ ዞረዋል። እንጨቱ ተሰነጠቀ፤ ገመዱ ገባ። ክሪስቤል ጥራቱን ወደ ሙሉው መልሳ 144ን መረጠች።

ጨለመ። ሁሉም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

በራ! የማውሱ ቀስት ስክሪኑ ላይ እንደ ዘይት ተንሸራተተ። ጁንዴል ወንበር ላይ ወጣ፤ ቲዮ በመጋዙ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ጩኸቱ ሳይበርድ ሁለተኛውንም ሣጥን ቆረጡት።

ማናንግ ፔርላ ስትገባ መሬቱ ብናኝ ለብሷል።

«ጌም ቤት ነው አናጢ ቤት?» አለች። ጎንበስ ብላ ሁለቱን ስክሪኖች አየች። «በሉ፣ እዚሁ ይሁን።»

ክሪስቤል ስልኳን አወጣች። የገበያ ማዕከሉ ቡድን አለቃ ሮጄል ሳምንቱን ሙሉ «ወንበር አዘጋጅተንላችኋል» እያለ ሲሳለቅባቸው ከርሟል። የስክሪኑን ፎቶ ላከችለትና ከሥሩ ጻፈች፦ «ፍጻሜው እኛ ጋ ነው። በጊዜ ኑ፣ ሾርባው በእኛ።»

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። ክሪስቤል ስልኳን ኪሷ ከታ መጥረጊያ አነሣች።