የአራስ ቅቤ በሰማያዊ በርሜል

መምህር መልካሙ ደብረ ታቦር ላይ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ተማሪ አይፈራም፤ ርዕሰ መምህርም አይፈራም። የሚፈራው አማቱን ወይዘሮ ፈንታነሽን ብቻ ነው፤ እሳቸውን ግን ከልቡ ይፈራል።

ሚስቱ ማህሌት ከሰባት ዓመት ስለት በኋላ አርግዛለች። አማቱም ለልጃቸው የአራስ ገንፎ የሚሆን ቅቤ ከጉና ድረስ አስመጥተው፣ አንጥረው፣ ባለ ክዳን ትንሽ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ገልብጠው ከድነውታል። በርሜሉን የሸጠላቸው የውሃ ጎማ የሚሠራ ሰው ነው።

መልካሙ በርሜሉ ላይ የተለጠፈውን እንግሊዝኛ አነበበ። ደረቅ ፕላስቲክ የሚያለሰልሱበት ዘይት ኖሮበታል። የአደጋ ምድቡም ተጽፏል፤ መውለድን የሚያውክ፣ ፅንስን የሚጎዳ።

«እማየ፣ ይሄ መርዝ ነው።»

«ወግድ! ሥዕሉን አታይም?» አሉ። ከጽሑፉ አጠገብ፣ በቀይ መስመር በታጠረ ነጭ ሜዳ ላይ ጥቁር ሰው ቆሟል፤ ደረቱ ላይ ነጭ ኮከብ ፈክቷል። «ብርሃን ያደረበት ጻድቅ ነው። መሪጌታ ይሻውም አይተው ተሳልመውታል።»

መሪጌታ ከተሳለሙት ወዲያ ኬሚስትሪ ምን አፍ አለው?

«ጻድቅ አይደለም እማየ፣ ማስጠንቀቂያ ነው። ገላን ከውስጥ ይጎዳል ማለት ነው።»

«ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«ቀለም አለው?»

«የለውም።»

«በአመድ ሦስት ጊዜ፣ በጠበል አንድ ጊዜ አጥቤዋለሁ።»

«ውሃ አያስለቅቀውም። የሚያስለቅቀው ስብ ነው።»

«እንግዲያው ቅቤው አስለቅቆልኛላ! ምን ትነዘንዘኛለህ?»

«ለቆ እኮ የገባው ቅቤው ውስጥ ነው! ማህሌት ይህን ቅቤ አትቀምስም፤ በጡቷ ለልጁ ያልፋል!» ብሎ ጮኸ። በድምፁ ራሱም ደነገጠ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ቁጭ አሉ። «ሰባት ዓመት እመቤቴን ለምኜ፣ በገዛ እጄ?» ብለው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ዕውቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አማትን አሸነፈች፤ ልጁም ዳነ።

ቅቤው ግን ይደፋ እንዴ? ነውር ነው! ከራስ በላይ ነፋስ። ቅዳሜ ወደ ቅል ተገለበጠና ገበያ ወጣ፤ ጻድቁ ከነበርሜላቸው እቤት ቀሩ። ቅሉን የተሸከመውም መምህራችን ነው፤ አማቱን ተከራክሮ ሁለት ጊዜ የሚያሸንፍ አማች አልተፈጠረም።

ሆዷ የገፋ ሴት መጣች። በጣቷ ቀምሳ ቀና ስትል አወቀችው።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት? ለአራስነቴ ነበር። ይሆነኛል?»

አጠገቡ የቆሙት አማቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«ከጉና የመጣ ነው» አላት። እውነቱን ነው፤ አንዲት ቃል አልዋሸም።

ሴትየዋ ደስ ብሏት ዕቃዋን አቀረበች። «ልጅ ያሳድግልዎ» ብላም መረቀችው።

መልካሙ አሜን አለ።