በጣት የሚገፋ በር

«በትከሻዎ ከፍ አድርገው ይግፉት፣ እትዬ ታየች።»

በሩ ሲሚንቶውን እየፋቀ ጮኸና ተከፈተ። ጎረቤታቸው እትዬ ታየች ለቅሶውን ትተው በሩን ገላመጡት። የለቅሶው ድንኳን ከተነሳ ወዲህ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚታገለው ከዚህ በር ጋር ነው፤ የሟች ልጅ ወንጌላዊትም በአሥራ ስድስት ዓመቷ የበር አስተማሪ ሆናለች።

እናቷ ሽታዬ በሩ በጮኸ ቁጥር ቀና ትላለች። ከዚያ መልሳ ታቀረቅራለች።

«የአናጢ ቤት» አሉ እትዬ ታየች ፍራሹ ላይ እየተቀመጡ። «ነፍሱን ይማረውና፣ የኔን በር በግማሽ ቀን ነው የሠራልኝ።»

አጎቷ ታረቀኝ ኮርኒሱን እያየ ነበር። ከደጀን ለቀብር እንደመጣ አልተመለሰም። ቤቱ የእሱና የሟች ወንድሙ የጋራ ውርስ ነው፤ ከአርባው በኋላ ይሸጣል። ሽታዬና ልጇ ሉማሜ ዘመድ ጋ ይገባሉ። አልተጠየቁም አይባልም፤ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ተብለው ተጠይቀዋል።

«ጣሪያው ይቆይ» አለ ታረቀኝ። «ገዢ በበጋ ነው የሚመጣ፣ ሲያፈስ አያይም። ግድግዳው ቀለም ይቀባ። በሩ ግን የግድ ይሠራ፤ ገዢ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።»

አንዱ ለቅሶ ደራሽ ግድግዳውን አንኳኳ፤ ሌላው ወለሉን በተረከዙ መታ። ወንጌላዊት፣ ለእዝን ነው የመጣችሁት ወይስ ለግዢ፣ አለች በሆዷ።

«ጋሼ፣ ጣሪያው ይሠራ፤ በሩ ይቅር።»

«አንቺ ደግሞ መቼ አናጢ ሆንሽ?»

«የአናጢ ልጅ ነኝ።»

ሁለት ሰው ፈገግ አለ። የሰማት ግን የለም።

አምና ከትምህርት ቤት ቀርታ ስትዞር ውላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ልትገባ በሩን በቀስታ ብትገፋው ጮኸባት። አባቷ ውበቱ ከሥራው ቀና እንኳ ሳይል «ወንጌል፣ ዛሬ ቶሎ ተለቀቃችሁ?» አላት።

«ለሰው ሁሉ በር ትሠራለህ፤ የኛ እንደ አህያ ያናፋል።»

«ብሠራው ማን እንደገባ በምን አውቃለሁ? አንቺ ስትገፊው ሁለቴ ነው የሚያናፋ። እኔ ስገባ ደግሞ እናትሽ ሳልጠራት ቀና ትላለች። ይህን ልላገው ነው?»

ከቀብሩ በሰባተኛው ቀን የአባቷ የሥራ ባልደረባ ጋሼ ዘመነ መጡ። «ለውበቱ ነፍስ ነው» አሉና በሩን ከማጠፊያው አወረዱት። «መላጊያዬን ረስቼ። የሱን አቀብይኝ፣ ልጄ።»

ወንጌላዊት ከአልጋ ሥር አወጣችው። እጀታው በአባቷ መዳፍ ልክ ጎድጉዷል። ልትደብቀው አሰበች። ብትደብቀውስ? ማርቆስ ከተማ መላጊያ ሞልቶላታል። ሰጠቻቸው። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሯ ሥር ወደቀ።

«አሁን በጣት ይገፋል» አሉ ጋሼ ዘመነ። ታረቀኝ በጣቱ ሞክሮ ራሱን ነቀነቀ።

ከሰዓት ወንጌላዊት በጀሪካን ውኃ ቀድታ ተመለሰች። ረስታ በትከሻዋ ብትገፋው በሩ ያለ ድምፅ ወለል አለና እየተንገዳገደች መሐል ቤት ደረሰች። ሽታዬ አቀርቅራለች። ቀና አላለችም።

ወንጌላዊት ተመልሳ ወጣች። በሩን በጣቷ ከፈተችው፤ የሞላውን ጀሪካን አጋደለችና ሲሚንቶው ላይ ጎተተችው፤ እንደ ድሮው በር እየፋቀ ጮኸ። አንዴ። ደግማ።

እናቷ ቀና አለች። ያየችው ግን ከልጇ ኋላ ያለውን ደጅ ነበር።