ነጩ ሶስ

"ወራጅ አለ!" አለች መድኃኒት። መስቀል አደባባይ ላይ መኪናው ሁሉ ተጠቅጥቆ ንቅንቅ አይልም። አሁን ይሄ ተቀምጠው የሚጠብቁት ነገር ነው? ወረደችና ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ ሮጠች።

ጠዋት ለወይዘሮ አጸደ ምግብ ቤት ቅመሙን ያደረሰችው ራሷ ናት። በሶብላና ጦስኝ አድርቃ ከነጭ ሽንኩርት ጋር የምትፈጨው ዱቄት፣ በውሃና በዘይት ሲመታ ወፍራም ነጭ ሶስ ይወጣዋል። ሰላጣ ላይ ይፈስሳል፤ ወጥም ውስጥ ጣል ይደረጋል። የጾሙን በአኩሪ አተር፣ የፍስኩን በዱቄት ወተት ታዘጋጀዋለች፤ በመልክ አይለያዩም። ቤቷ ተመልሳ ስታይ የጾሙ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። በሁዳዴ፣ ያውም ዓርብ ቀን! "ወይኔ ጉዴ!" ብላ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች። ብትደውል ብትደውል ወይዘሮ አጸደ አያነሱም፤ በምሳ ሰዓት መቼ አንስተው ያውቃሉ።

ስትደርስ ምግብ ቤቱ ጢም ብሏል። የጾም ቡፌው ዙሪያ ሰው ተሰልፏል፤ ነጩ ሶስ ተጋምሷል።

"እሰይ፣ መጣሽልኝ!" አሉ ወይዘሮ አጸደ ከገንዘብ መቀበያው። "አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን ጨመርሽበት? ሰዉ እኮ እየደገመ ነው!"

"እትዬ፣ ማለቴ..."

"ማለቴ የለም! በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ይሄንኑ ነው የምታመጪልኝ። ለሰንጋ ተራው ምግብ ቤቴም ጭምር።"

የሰንጋ ተራውን ቤት ለማግኘት ዓመት ሙሉ ደጅ ስትጠና ነው የከረመችው። ዝም ብትልስ? ሳያውቁ የበሉት ምን ኃጢአት አለው? ነገ የጾሙን ታመጣለች፣ አለቀ። ደግሞ ጣዕሙ ተለየ ሲሏት ምን ልትል ነው? ብትናገር ወይዘሮ አጸደ ሁለተኛ ደጃቸውን አያስረግጧትም። ፈራች፤ አፈረችም። እሷም እኮ ጿሚ ናት።

ነጠላ ያጣፉ አንድ አዛውንት አስተናጋጅ መስላቸው ሰሐናቸውን ዘረጉላት።

"ልጄ፣ እስቲ ከነጩ ጣል አድርጊልኝ። ጾሙ ጠንቶብኝ ነበር፤ ዛሬ ገና እህል ጣመኝ።"

ጭልፋውን አነሳች። ወይዘሮ አጸደ ከወዲያ ፈገግ ብለው ያይዋታል። መልሳ አስቀመጠችው።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ወተት አለበት" አለች፣ በር ላይ ያሉት ሳይቀሩ በሚሰሙት ድምፅ። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እትዬ አያውቁም።"