ጣቴ ላይ ያረፈችው የውሃ ተርብ

ለአንዲት የውሃ ተርብ ብለሽ ጭቃ ውስጥ ትቆሚያለሽ ያለኝ ሰው ቢኖር እሰድበው ነበር። ይኸው ቆሜ ተገኘሁ።

የልጄ ባል መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። የእረፍት ቀኑን ግን ኩሬ ለኩሬ ሲዞር ያሳልፋል። ከሦስት ዓመት ወዲህ፣ ልጆች ሄሊኮፕተር ከሚሏቸው ከነዚያ ተርቦች አንዷን፣ ሰማያዊ ሆና ጅራቷ ጫፍ ላይ ሁለት ቢጫ ነጥብ ያላትን፣ አየሁ ይላል። የነፍሳት አጥኚዎች ማኅበር ደግሞ «እሷ ከጠፋች ቆየች፤ ምስክር አምጣ» ይለዋል። ፎቶ እንዲያነሳት አርፋለት አታውቅም። ነገ መጽሐፋቸው ማተሚያ ቤት ይገባል፤ «ጠፍታለች» ተብሎ ከታተመ እሱም ቀባጣሪ ሆኖ ቀረ። ልጄ ሥራ ስለነበራት «እባክሽ እማዬ፣ አንቺ ሂጂለት» ብላ ገፋችኝ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመን ከትንኝ በቀር የመጣ የለም። ትዕግሥቴ አለቀ። «ስማ፣ አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጣቴን ቀስሬ ሞልጬ ልሰድበው ስል፣ ጣቴ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ዱብ አለ።

ሰማያዊ ናት። አቤት ማማር! ሁለቱ ቢጫ ነጥቦች ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

«እማማ፣ እንዳይተነፍሱ!» አለ በሹክሹክታ። ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ እጁ ከዳውና ቦጭ! ኩሬው ውስጥ ገባ።

ካሜራ በሌለው በኔ ባለ ቁልፍ ስልክ ማኅበሩ ጋ ደወለና ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። ጸሐፊዋ ያየሁትን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። በመጨረሻ «ዘመዱ አይደሉም አይደል? የዘመድ ምስክርነት አንቀበልም» አለች።

ልጄን ካገባ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ለጎረቤቱ ሁሉ «ምኔም አይደለም» ስል የኖርኩ ሴት፣ አንዲት «አይደለሁም» ማለት አቃተኝ።

«እንዴት አይደለሁም? ልጄ ነው!» አልኳት።

ወይ አፌ! «እማማ፣ ጉድ ሠሩኝ!» ብሎ ራሱን ያዘ።

«ዝም በልና ስልኩን ሳትዘጋ ተከተለኝ! ዘመድ ያልሆነ ሰው እንፈልጋለን!»

ጣቴን እንደቀሰርኩ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው እየተራመድኩ ኩሬው ዳር ያለው የውሃ መሳቢያ ሞተር ጥበቃ ጋ ደረስኩ። ጥበቃው የተቀሰረ ጣት ሲያይ ደንግጦ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እማማ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም! ጣቴ ላይ ያለችውን እያት!»

ቀርቦ አያት። ስልኩን ተቀብሎ «ሰማያዊ ናት፣ ሁለት ቢጫ ነጥብ አላት። ኧረ ሰዎቹንም ገና ዛሬ ማየቴ ነው!» አለ። ጸሐፊዋ ስትጮህ ለሁላችንም ተሰማን። «‹ጠፍታለች› የሚለውን ሰረዝኩት!» አለች። ተርቧም ክንፏን አርገብግባ ሄደች።

አማቼ የሚጨፍር መስሎኝ ነበር። ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

«ሰማህ? ‹አለች› ተብላ ልትጻፍ ነው እኮ!» አልኩት።

«እሱስ ይሁን፤ እማማ፣ ልጄ አሉኝ እኮ!»

«ተነስ፣ ሱሪህን አታበላሽ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁለት። ክብደቱን አልቻልኩትም፤ እኔም አጠገቡ ዘፍ አልኩ።